ዕድገቱ ለማን ነው?

ስለ አገር ዕድገት ሲነገር ቁጥሩን ሰምተን ማለፍ ልማድ ሆኖብናል። ቁጥሩ የማንን ኑሮ እንደሚናገር ግን መጠየቅ ተገቢ ነው። ለዚህም ልደታ በቂ ትምህርት ይሰጠናል።

ዛሬ የልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ቀድሞ የቀበሌ ቤቶች ተፋፍገው የኖሩበት ሰፈር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ መንግሥት ኢኮኖሚው በየዓመቱ ከ10 በመቶ በላይ አደገ ይል በነበረባቸው ዓመታት፣ ሰፈሩ ፈርሶ ሕንፃዎቹ ተተኩ። የሚያፈስ ጣሪያ በጠንካራ ቤት መተካቱ መልካም ነው፤ ይህን መካድ ሐቅን መሸሸግ ይሆናል። ነገር ግን ለቀበሌ ቤት ተከራዩ የቀረበለት ምርጫ ቅድሚያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ አለያም ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት መቀበል ነበር። ገንዘቡን ያጣው ከዕድሩና ከጎረቤቱ ተለይቶ ሄደ።

ሲሚንቶው፣ ብረቱና የሠራተኛው ደመወዝ በአገር ውስጥ ምርት ስሌት ይገባሉ። የተበተነው ዕድር ግን በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። ጉድለቱን ባለሙያዎቹም ያውቁታል። የብሔራዊ ገቢን ስሌት ካደራጁት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ሳይመን ኩዝኔትስ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ የሕዝብ ደኅንነት ከዚህ አኃዝ ሊገመት እንደማይችል አስጠንቅቋል። ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሐቅም እ.ኤ.አ. በ1990 ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን በአንድነት የሚመዝን የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ይዞ የቀረበው ለዚሁ ነው።

«አገር ሳያድግ ምን ይከፋፈላል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ክሊኒክም ትምህርት ቤትም ገንዘብ ይፈልጋሉ። እኛም ዕድገት ይቅር አላልንም። ዕድገት መሣሪያ ነው፣ ዓላማው ሰው ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ ሰው ይቅደም ነው የምንለው።

ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት ሲዘዋወሩ የተራቡ ልጆቿን ለማባበል ውኃ ብቻ የጣደች እናት አግኝተው፣ ዱቄቱን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው እንዳደረሱላት ይተረካል። የግምጃ ቤቱን ሒሳብ አልነገሯትም፤ ድስቷን ነው ያዩት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከሰፈራቸው የተነሡ ወገኖችም አሉ። ስንት ሕንፃ ተሠራ ከማለታችን በፊት የተነሣው ሰው ዛሬ በምን ይተዳደራል? ልጁ የት ይማራል? ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? ይህ ያልተቆጠረበት የዕድገት ሒሳብ ጎዶሎ ነው።