በወንዝ ዳር ያደሩ መንገደኞችና ሌሊት ያዳናቸው ውሻ

በገጠር ውሻ የሌለበት ደጅ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ውሻውን የሚያስበው ሌሊት ሲጮኽለት ብቻ ነው፤ ሲነጋ ይረሳዋል። ውሻ ጌታውን እንዲጠብቅ ጌታውም ውሻውን መጠበቅ እንደሚገባው ለሕፃናት ለማስረዳት፥ ከዚህ ቀጥሎ ያለው በእውነት የተደረገ ታሪክ ይጠቅማል። አስተማሪው በክፍል ያንብበው፤ ሽማግሌዎችም በማታ ለቤተ ሰባቸው ይንገሩት።

አንደኛ፤ ስለ ጉዞው።

የአሜሪቃ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን፥ ሚዙሪ የተባለውን ታላቅ ወንዝ ተከትለው እስከ ምዕራቡ ውቅያኖስ ድረስ ያለውን ምድር መርምረው እንዲመለሱ፥ ሜሪዌዘር ሉዊስና ዊልያም ክላርክ የሚባሉ ሁለት የጦር መኰንኖችን ላኩ። እነርሱም እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1804 ዓመት ወንዙን ሽቅብ መጓዝ ጀመሩ። የብርዱን ወራት ማንዳን በሚባሉት ያገሩ ተወላጆች አጠገብ ካሳለፉ በኋላ፥ በኤፕሪል 7 ቀን 1805 ዓመት በ6 ታንኳና በ2 ትልልቅ ጀልባ ሆነው 33 ነፍስ ጉዞአቸውን ቀጠሉ። ታንኳዎቹ በጣና ባሕር እንደምናያቸው ከደንገል የታሰሩ ሳይሆኑ፥ ከወፍራም ግንድ ተፈልፍለው የተሠሩ ነበሩ። ውሃው በሚበረታበት ስፍራ ሰዎቹ በዳር እየሄዱ በገመድ ይስቡአቸው ነበር። ከተጓዦቹም መካከል ሳካጃዌያ የምትባል ያገሩ ተወላጅ ሴት ነበረች፤ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 11 ቀን የወለደችውን ሕፃን ታቅፋ ትጓዝ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሻው።

ሉዊስ በ20 ዶላር የገዛው ሲማን የሚባል ውሻ ነበረው፤ ትርጓሜውም መርከበኛ ማለት ነው። ዘሩ ኒውፋውንድላንድ ከሚባለው ወገን ነበረ። ይህ ወገን አካሉ ግዙፍ፥ ጠጕሩ ወፍራም፥ በጣቶቹም መካከል ቆዳ የተዘረጋ ስለ ሆነ በዋና የታወቀ ነው። በ1803 ዓመት አንድ ያገሩ ተወላጅ ውሻውን በ3 የቢቨር ቆዳ ለውጠኝ ቢለው፥ ሉዊስ እንቢ አለ። ቢቨር ማለት በውሃ የሚኖር፥ በጥርሱ ዛፍ ቈርጦ የሚጥል እንስሳ ነው፤ ቆዳውም በዚያን ጊዜ ብዙ ዋጋ ያወጣ ነበር።

በሜይ 19 ቀን 1805 ዓመት ከሰዎቹ አንዱ ቢቨር ተኵሶ አቈሰለ። ሲማንም እንደ ልማዱ ሊይዘው ዋኝቶ ሄደ። የቈሰለው ቢቨር ግን የኋላ እግሩን ነክሶ የደም ሥሩን በጠሰው። ሉዊስ ደሙን ያቆመው በብዙ ችግር ነው፤ ይሞትብኛል ብሎ መፍራቱንም በዕለት መዝገቡ ጽፎአል። ውሻው ግን ዳነ።

ሦስተኛ፤ ስለዚያች ሌሊት።

ከዚህ በኋላ አሥር ቀን ሳይሞላ፥ በሜይ 28 ቀን ማታ፥ ዛሬ ሞንታና በሚባለው አገር በወንዙ ዳር ሰፈሩ። እሳት አነደዱ፥ ዘብ አቆሙ፥ በእሳቱም አጠገብ በረድፍ ተኙ። ሁለቱ አለቆች፥ አስተርጓሚዎቹ፥ ሳካጃዌያና ሕፃኑ የሚያድሩት ከቆዳ በተሠራ ድንኳን ውስጥ ነበር።

በሌሊት አንድ ወንድ ጎሽ ከማዶ ዋኝቶ መጣ፤ በዳር በቆመውም ጀልባ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ምድር ወጣ። ደንግጦም ወደ እሳቱ በኀይል ሮጠ። ዘቡ ሊመልሰው ሳይችል፥ ከተኙት ሰዎች ራስ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ሲቀረው አለፈ። ከዚያም ይልቁን በርግጎ ወደ ድንኳኑ አቀና። በዚህ ጊዜ ሲማን ተነሣበት፤ ጎሹም ወደ ቀኝ ዘወር ብሎ በጨለማው ተሰወረ። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን አንሥቶ ምንድር ነው እያለ ይጠያየቅ ጀመር፤ ነገር ግን ከሰው የተጎዳ አልተገኘም። ሲነጋ ቢያዩ፥ ጎሹ በጀልባው ውስጥ የነበረውን አንዱን ጠመንጃ ረግጦ አጉብጦታል፤ የሌላውንም ሰደፍ ሰባብሮታል። ብረት ያጎበጠ ኰቴ የሦስት ወር ከመንፈቅ ሕፃን ቢረግጥ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ቀላል ነው። ያዳናቸው ውሻው መሆኑንም ሉዊስ በመዝገቡ ጽፎአል።

አራተኛ፤ አስተማሪው የሚያስረዳው።

በመጀመሪያ፥ በወንዝ ዳር የሚያድር ሰው አውሬ ለውሃ ከሚወርድበት መንገድ ርቆ ይስፈር፤ እሳትና ዘብ ቢኖረውም እነዚህ ብቻ እንደማይበቁ ይወቅ።

ሁለተኛ፥ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይህ ተረት የውሻውን ታማኝነት ብቻ ሳይሆን የጌታውንም ግዴታ ያመለክታል። ሉዊስ በሜይ 19 ቀን የቈሰለውን ውሻ በመንገድ ጥሎት ቢሄድ ኖሮ፥ በሜይ 28 ሌሊት በድንኳኑ ደጅ የሚቆምለት ባልነበረም።

ሦስተኛ፥ ደም በብርቱ የሚፈስሰው ቍስል በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቁ አጥብቆ በመጫን ይያዛል። የታመመ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላልና፥ ከመንካት አስቀድሞ አፉን በጨርቅ ማሰር ይገባል። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠበው፤ በዚያውም ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ገዳይ ነውና።

ጥያቄ።

1. ታንኳዎቹ ከምን ተሠሩ? ከጣና ታንኳስ በምን ይለያሉ?
2. ሉዊስ 3ቱን ቆዳ ለምን እንቢ ያለ ይመስላችኋል?
3. ዘብ ቆሞ ሳለ ጎሹ እስከ ድንኳኑ የደረሰው እንዴት ነው?
4. በቤታችሁ ላለው ውሻ ዛሬ ውሃና እህል የሰጠው ማን ነው?