ወደ ይዞታዎ የሚገባ የመንግሥት አካል ሊያሟላ የሚገባው ሥርዓት



«መሬት የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ከፈለገው ምን ይደረጋል?» ሲባል በየቀበሌው እንሰማለን። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ በመሬቱ ላይ የገነባውና ያሻሻለው ደግሞ የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል።

1. መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ

በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የማስለቀቂያ ትዕዛዝ በጽሑፍ ሊደርስዎ፣ ካሳውም መሬቱ ከመወሰዱ በፊት ሊከፈልዎ ይገባል። በዚህ ካልተስማሙ፦

• ትዕዛዙ በደረሰዎ በ30 ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ያመልክቱ፤
• በውሳኔው ካልረኩ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይቀርባሉ። እነዚህም የጊዜ ገደብ አላቸው።

ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይዞ ቀበሌ ሲመላለስ 30ው ቀን ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ የጽሑፍ ማመልከቻው ግን በቀኑ ይግባ።

2. ፖሊስ ለብርበራ ሲመጣ

ቤትና ጎተራ የሚበረበረው በመርህ ደረጃ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ይገልጻል። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይካሄዳል። የተያዘው ዕቃም በዝርዝር ይመዘገባል። ፖሊስ ወንጀለኛን እግር በእግር ሲከታተል፣ ወይም የከባድ ወንጀል ማስረጃ ትዕዛዝ እስኪወጣ ሊሸሽ ይችላል ብሎ በበቂ ምክንያት ሲያምን ያለ ትዕዛዝ ሊገባ ይችላል።

3. እርስዎ ምን ያድርጉ?

• የይዞታ ደብተርዎን ቅጂ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታም ያስቀምጡ።
• ወረቀት ሲደርስዎ የደረሰበትን ቀን ወዲያው ይጻፉበት።
• ንብረት ሲቆጠር ከባለቤትዎ ጋር በቦታው ይገኙ። ቡናውን፣ ጌሾውንና ባሕር ዛፉን አብረው ይቁጠሩ፤ ሳያነቡ ወይም ሳያስነብቡ አይፈርሙ።
• በዱላ አይከላከሉ። ትዕዛዙን ጠይቀው ይዩ፤ የመጣውን ሰው ስምና መሥሪያ ቤት ይመዝግቡ።

የመወያያ ጥያቄ፦ በልማት ቡድናችሁ ውስጥ የይዞታ ደብተሩ የት እንዳለ የማያውቅ አባል አለ? ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶች ወረቀት ሲመጣ ማን ያነብላቸዋል?