የኤልሳቤጥ ብላክዌል የዕፅዋት መጽሐፍ

ፎቶግራፍ ማንሣት ገና ባልታወቀበት ዘመን፥ በሩቅ አገር የሚበቅለውን ዕፅ መልክ ለሰው ማሳየት አስቸጋሪ ነገር ነበረ። አበባው ተቈርጦ ቢላክ ይጠወልጋል፤ ደርቆ ቢላክ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ዕፅዋትን በሥዕል ያሳዩ ነበር። ልጆች ሆይ፥ ሥዕሉ ለጌጥ ብቻ የተፈለገ አይምሰላችሁ። መድኃኒት ቀማሚዎች ብዙውን መድኃኒት የሚያወጡት ከቅጠልና ከሥር ስለ ነበረ፥ ፈዋሹን ዕፅ መርዝ ካለበት ዕፅ ለይተው ማወቅ ነበረባቸው። በቅጠል የሚመሳሰሉ ዕፆች በአበባቸው ይለያዩ ይሆናል፤ በዚህ የሳተ ቀማሚ በሽተኛውን ይገድላል።

ሥዕሉም የሚታተመው እንዲህ ነበረ። አስቀድሞ ሠዓሊው ዕፁን እያየ በወረቀት ላይ ይሥላል። ቀጥሎ ቀራጩ ያንኑ ሥዕል በለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በስለታም ብረት ይቀርጸዋል። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ እንደ ገና በጨርቅ ሲጠረግ፥ ቀለሙ በተቀረጸው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ርጥብ ወረቀት በላዩ ተደርጎ በማተሚያ ሲጫን፥ ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ በወረቀቱ ላይ ይያዛል። ነገር ግን ቀኙ ግራ፥ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ በመዳብ ላይ ፊደል የሚቀርጽ ሰው ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ መቅረጽ አለበት። እናንተም ስማችሁን ገልብጣችሁ ለመጻፍ ብትሞክሩ፥ ድካሙን ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ብሩሽ ይዞ ቅጠሉን በአረንጓዴ፥ አበባውን በየመልኩ ይቀባል። መቶ ወረቀት ቢታተም መቶውም አንድ በአንድ በእጅ ይቀባል።

ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ሦስት ባለሙያዎች ይካፈሉት ነበር፤ ኤልሳቤጥ ብላክዌል ግን ሦስቱንም ራስዋ ሠራች።

ኤልሳቤጥ በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ትኖር ነበር። ባልዋ አሌክሳንደር ማተሚያ ቤት ከፍቶ ነበረ፤ ነገር ግን የአታሚነትን ሙያ በደንቡ ተምሮ ስላልፈጸመ ሌሎቹ አታሚዎች ከሰሱት። መቀጫውና ዕዳው በዛበት፤ መክፈልም ስላልቻለ ወደ ወህኒ ገባ። በዚያ ዘመን ባለዕዳ ዕዳውን ካልከፈለ በወህኒ ይቀመጥ ነበር። የታሰረ ሰው በምን ሠርቶ እንደሚከፍል፥ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡበት አይመስልም። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በሚስቱ ላይ ወደቀ።

እርስዋ ሥዕል ታውቅ ነበርና፥ ሐኪሞች አዲስ የመድኃኒት ዕፅ መጽሐፍ እንደሚፈልጉ በሰማች ጊዜ ልብዋን አበረታች። በቼልሲ፥ መድኃኒት ቀማሚዎች በ1673 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ያቆሙት የአትክልት ስፍራ አለ፤ ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዳ ዕፆችም ይበቅሉበት ነበር። የአትክልቱ ኀላፊ አይዛክ ራንድ ሥራዋን ደገፈ፤ እርስዋም በአጠገቡ ቤት ተከራይታ ተቀመጠች። አበባ ቀጠሮ አይቀበልም፤ ዛሬ የፈካው ነገ ይረግፋልና በፈካበት ቀን መሣል ነበረባት። ሥዕሉንም ይዛ ወደ ወህኒ ትሄድ ነበር፤ ባልዋም የዕፁን ስም በላቲንና በሌሎች ቋንቋዎች ይነግራት ነበር።

መጽሐፉ ከ1737 እስከ 1739 ዓ.ም. በክፍል በክፍል እየታተመ ወጣ። በየሳምንቱ 4 ሥዕል ይወጣ ነበር፤ ይህም 125 ሳምንት ቆይቶ 500 ሥዕል ሞላ። የመጀመሪያው ሥዕል የጽጌረዳ ወይም የሌላ የከበረ አበባ አልነበረም፤ በየመንገዱ ዳር የሚበቅል ቢጫ አበባ ያለው ተራ ዕፅ ነበረ። በላቲን የአንበሳ ጥርስ ይባላል፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ጥርስ የተቈራረጠ ነውና።

ከመጽሐፉ በተገኘው ገንዘብ ዕዳው ተከፈለ፤ አሌክሳንደርም ከወህኒ ወጣ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ስዊድን አገር ሄዶ፥ በመንግሥት ላይ አሢረሃል ተብሎ በ1747 ዓ.ም. አንገቱ ተቈረጠ። ኤልሳቤጥ በ1758 ዓ.ም. ሞተች፤ የተቀበረችውም በዚያው በቼልሲ ነው። እርስዋ በሕይወት ሳለች በጀርመን አገር በኑርንበርግ ከተማ ይኖር የነበረው ትሬው የሚባል ሐኪም ሥዕሎቹን እንደ ገና አስቀርጾ ማሳተም ጀምሮ ነበር፤ መጽሐፉንም በላቲን የብላክዌል ዕፅዋት ብሎ በእርስዋ ስም ጠራው።