ጊዜን የሚገልጹ ጥገኛ ሐረጎች

ሁለት ድርጊቶችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስታያይዙ፣ ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት የሚገባው ሐረግ የጊዜያቸውን ዝምድና ይወስናል። የሚከተሉትን አስተውሉ።

ሀ. ኃይሌ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይሮጥ ነበር።
ለ. ሠራተኛዋ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ትሮጣለች።
ሐ. ሠራተኛዋ ወደ ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት ትሮጣለች።

በ«ሀ» ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ ጊዜ ይፈጸማሉ። አሰላ አካባቢ ያደገው የገበሬ ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ከማሸነፉ አስቀድሞ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ ነበር። መንገዱ ራሱ ሩጫ ስለ ነበር ሌላ ሰዓት አልጠየቀውም።

በ«ለ» ግን ድርጊቶቹ ተራ ይጠብቃሉ። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አዲስ ተቀጥራ ልብስ ስትሰፋ የምትውል ሯጭ ልምምዷን የምትጀምረው በደከመ ሰውነት ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የመንገዱን ጊዜ ግን አይቈጥርም። በ«ሐ» ጉልበቷ ትኩስ ነው፤ የተቀነሰው እንቅልፏ ነው።

ብዙ ተማሪዎች «እየሠራች ትሮጣለች» ብለው ያልፋሉ። ሰዋስዉ አልተጓደለም፤ ሰዓቱ ከየት እንደ መጣ ግን ተሸሽጓል።

መልመጃ
1. «ለ»ን «ወደ ቤቷ ስትመለስ» በሚል ሐረግ ለውጣችሁ ጻፉ። በሠራተኛዋ ቀን ላይ ምን ተለወጠ?
2. ዕረፍቷ እሑድ ቢሆን፣ ከባዱን ልምምድ መቼ ታደርግ? «በፊት»ንና «በኋላ»ን ተጠቅማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።