የትኛው ቦይ ይቅደም? የደባርቅን የጎርፍ ቦዮች በካርታ ሶፍትዌር ማሰለፍ

እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች የጠረጋ በጀት ሁሉንም ቦይ አያዳርስም። መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው በአቤቱታ ብዛት ከሆነ ደግሞ የታችኛው ሰፈር ሲጠረግ የጎርፉ መነሻ ሳይነካ ክረምቱ ይገባል። ካርታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ፍሳሽ ስንል አዲስ አበባ ውስጥ እንዳለው ተቀብሮ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚሄድ መስመር ማለታችን አይደለም። የመንገድ ዳር ቦይ ነው፤ በድንጋይ የተገነባ ወይም እንዲሁ በአፈር የተቆፈረ። የጣሪያ ውሃ፣ የኮብልስቶን ጎርፍ፣ የልብስ እጣቢ፣ አንዳንዴም ከሽንት ቤት የሚፈስ ቆሻሻ አብሮ ይወርድበታል።

ኪውጂአይኤስን በኮምፒውተር፣ ኪውፊልድን በስልክ ጫኑ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ኪውፊልድ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። የሳተላይት ምስል ከስር አንጥፉ፣ መንገዶቹን ከኦፕንስትሪትማፕ አውርዱ። ደረስጌን በመሰለ አነስተኛ ከተማ ቦዮቹ በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ ግን ሶፍትዌር አያሻችሁም፤ አንድ ሰፊ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

የፕሮጀክቱን መጋጠሚያ ሥርዓት ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን አድርጉ፤ ኮዱ 32637 ነው። የቆየ የ1:50,000 ካርታ ወይም ከእሱ የተቀዳ ፕላን ካላችሁ ተጠንቀቁ። እነዚያ የተሠሩት በአዲንዳን ነው፤ ኮዱ 20137። የአንዱን ቁጥር በሌላው ካነበባችሁት ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል፤ ቦያችሁ ሌላ ሰፈር ውስጥ ይወድቃል። ሁሉም መስመር አብሮ ስለሚሸሽ ቅርጹ ያማረ ይመስላል። ስለዚህ በግልጽ የሚታወቅ የመንገድ መጋጠሚያ ላይ ቁሙና የስልካችሁን ንባብ ከካርታው ጋር አስተያዩ።

አሁን ቦዮቹን በመስመር ሣሉ። ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ እባካችሁ ረጋ በሉ።

ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ መስመር መነሻና መድረሻ ይይዛል፤ መነሻው መጀመሪያ የነካችሁት ነጥብ ነው። ከላይ ወደ ታች ካልሣላችሁት ውሃው ሽቅብ እንደሚፈስ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በኋላ «ወደዚህ ቦይ የሚገቡት የትኞቹ ናቸው?» ስትሉት የተገላቢጦሽ መልስ ይሰጣችኋል። የመስመሩን ምልክት ወደ ቀስት ለውጡት፤ ስህተቱ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተገለበጠውን መስመር መገልበጫው መሣሪያ በአንድ ንኪት ያቀናዋል። የመስመሮቹ ጫፍ በትክክል እንዲጋጠምም ማጣበቂያውን አብሩ፤ በካርታው ላይ የግማሽ ሜትር ክፍተት ካለ ለሶፍትዌሩ ቦዩ ተቆርጧል።

የውሃውን አቅጣጫ ከሳተላይት ከፍታ መረጃ ለማውጣት አትሞክሩ። ፈተናው ይገባኛል፤ ኤስአርቲኤም የተባለው የከፍታ መረጃ በነፃ ይገኛል፣ ሶፍትዌሩም በደቂቃ የፍሰት መስመር ይሥልላችኋል። ነገር ግን የመረጃው አንድ ካሬ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር የማይሞላ ቦይ በውስጡ ጠፍቶ ይቀራል። ለሊማሊሞ ገደል የሚጠቅም መረጃ ለከተማ ቦይ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ካልቨርት ነው። ከጎንደር መጥቶ ደባርቅን አቋርጦ የሚያልፈውን አስፋልት የመሰለ ከፍ ያለ መንገድ ለሶፍትዌሩ ግድብ ነው፤ ከሥሩ ቱቦ መኖሩን አያውቅም። ውሃው በቱቦው ተሻግሮ የሚያጥለቀልቀው ሰፈር በካርታው ላይ ደረቅ ሆኖ ይቀርባችኋል።

መፍትሔው በነሐሴ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ መውጣት ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከመውጫው፣ ቦዩ ወንዝ ወይም ሜዳ ላይ ከሚፈስበት ቦታ ነው፤ ሽቅብ እየተጓዝኩ የሚቀላቀለውን ሁሉ እመዘግባለሁ። ከላይ የጀመረ ሰው መንታ መንገድ በደረሰ ቁጥር ይምታታል። እያንዳንዱን ካልቨርት በሁለቱም አፉ ፎቶ አንሱ፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው የማይወጣ ውሃ ካያችሁ ለብቻው ምልክት አድርጉበት። ስትዞሩ የሰፈሩን አረጋውያንም ጠይቁ። «አባባ፣ ውሃው የሚተኛው የት ነው?» ብትሏቸው የትኛውም መረጃ የማይነግራችሁን ያሳዩዋችኋል።

ካርታው ሲያልቅ ለየቦዩ የቅድሚያ ነጥብ መስጠቱ ቀላል ነው። ሚያዝያ ላይ ደለሉን ለኩ፤ ከቦዩ ጥልቀት ከሲሶ በታች ከሆነ 1፣ ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ 2፣ ከዚያ በላይ 3። ቀጥሎ ቢሞላ የሚያስከትለው ጉዳት፤ ባዶ ቦታ 1፣ መኖሪያ ወይም ገበያ 2፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት ወይም የመጠጥ ውሃ ምንጭ 3። ሁለቱን አባዙ እንጂ አትደምሩ። ብትደምሩ ጤና ጣቢያ አጠገብ ያለ ንጹሕ ቦይና ገበያ መሃል በከፊል የተደፈነ ቦይ እኩል 4 ይሆናሉ፤ ብታባዙ ሁለተኛው ይቀድማል፤ መቅደምም አለበት። ግድግዳው የፈረሰ ቦይ ግን የግንበኛ ሥራ ስለሆነ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ከፍተኛውን ነጥብ በቀይ ቀቡና አትሙት። ግን ቀዩን ቦይ በቀጥታ ለመጥረግ እንዳትቸኩሉ! ከበታቹ ያለው ካልቨርት ከተደፈነ ከላይ የለቀቃችሁት ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ የታችኛውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ነጥቡ የሚነግራችሁ የትኛው መስመር እንደሚቀድም ነው፤ በመስመሩ ላይ ሥራው የሚጀመረው ከመውጫው ነው፣ ሽቅብ። ቀስቶቹን በትክክል ሥላችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ከካርታው ላይ ታነቡታላችሁ።

የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚገባበትን ቦይ ለሠራተኞቹ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ያለ ጓንትና ቦቲ ማንም አይግባበት። የወጣው ደለልም በዚያው ዕለት ይጫን። ቦዩ ዳር የተከመረ ደለል በሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ተመልሶ ይገባል።