የንግሥት ሜሪ ዘመንና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ስንማር ደስ የሚያሰኙንን ገጾች ብቻ መርጠን ማንበብ አይገባንም። ከ1553 እስከ 1558 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን የገዙት ካቶሊካዊት ንግሥት፥ ቀዳማዊት ሜሪ፥ ታሪካቸው በኀዘንም በማስተዋልም ሊነበብ የሚገባው ነው።

ሜሪ በ1516 ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛና ከእስፓኛዊቷ ንግሥት ካታሪና ተወለዱ። ንጉሡ ጋብቻቸው እንዲፈርስላቸው ቢጠይቁ ሮም ስላልፈቀደች፥ በ1534 ራሳቸውን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረጉ። ሜሪ ከእናታቸው ተለዩ፤ የልዕልትነት ማዕረጋቸውም ተገፈፈ። በወንድማቸው በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የላቲኑ ቅዳሴ ሲከለከል፥ እርሳቸው ግን በቤታቸው ማስቀደሳቸውን አልተዉም። ስለዚህ እምነታቸው በመከራ የተፈተነ እውነተኛ እምነት ነበር።

በ1553 ሲነግሡ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው። በመጀመሪያው ዐዋጃቸውም የጋራ ውሳኔ እስኪደረግ ድረስ ማንንም በሃይማኖት እንደማያስገድዱ አስታወቁ። በ1554 መጨረሻ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴ ካርዲናል ሬጂናልድ ፖል አገሪቱን ከሮም ጋር አስታረቁ።

ወዲያው ግን በመናፍቃን ላይ የወጣው የቀድሞው ሕግ ተመለሰ። ከ1555 ጀምሮ 280 ያህል ሰዎች በእሳት ተቃጠሉ፤ ከ50 የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ። የእናታቸውን ጋብቻ ያፈረሱት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ከትምህርታቸው መመለሳቸውን በፊርማቸው ቢያረጋግጡም፥ በ1556 ከሞት አልዳኑም። በመጨረሻዪቱ ሰዓት ቃላቸውን ሽረው፥ የፈረመችውን ቀኝ እጃቸውን አስቀድመው ወደ እሳቱ ዘረጉ። በማስገደድ የተገኘ ፊርማ የልብ መመለስ አይደለምና።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ በኋላ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመንም ካህናቶቻችን ተገድለዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሌላው ጥፋት የእኛን አያጸድቅም። ደግሞም በ1555 የንጉሥ ፊሊጶስ ሰባኪ የነበሩት ፍራንቸስካዊው አልፎንሶ ደ ካስትሮ በቤተ መንግሥት ማቃጠሉን ነቅፈው እንደ ሰበኩ ተጽፏል።

ንግሥቲቱና ካርዲናሉ በ1558 በአንድ ቀን ዐረፉ። በ1559 እንግሊዝ ዳግመኛ ከሮም ተለየች። እሳቱ ለንግሥቲቱ ያተረፈላቸው «ደም አፍሳሿ» የሚል ስም ብቻ ሆነ። ካርዲናል ፖል የጠሩት ጉባኤ ግን በየካቴድራሉ ካህናት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ወስኖ ነበር፤ ይህንኑ ሐሳብ የትሬንት ጉባኤ በ1563 ለመላዪቱ ቤተ ክርስቲያን ደነገገው። ስለዚህ እኛ ካህናት በየዘርአ ክህነቱ ያገኘነው ትምህርት ከዚያ ዘመን የተረፈ መልካም ዘር ነው። ፍርሃት የገነባው ፈረሰ፤ ትምህርት የተከለው ግን ጸና።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፥ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን መገደድ እንደሌለበት አስተማረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ2000 የቤተ ክርስቲያን ልጆች ለእውነት ሲሉ በኃይል ስለ ፈጸሙት በደል እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመኑ።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ከእምነታችን የራቀውን ልጃችንን ወይም ጎረቤታችንን የምንጠራው በፍቅር ነው ወይስ በቁጣ? ጌታችን በደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ በሩን አይሰብርም።