ኢትሊን ኦክሳይድ፦ ሰሊጥን ወደብ ላይ የሚያስቀር ጋዝ

ዛሬ የሰሊጥ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ ስለሚያሳጣ ነገር እናውራ።

🔹 ምንድነው?
ቀለም የሌለው፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ኬሚካል ነው። በ11 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በመተማ ሙቀት ሁሌም ጋዝ ነው። በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ለረጅም ጊዜ ለተነፈሰው ሰው ካንሰር ያመጣል።

🔹 ጥቅሙስ?
ለራዲያተር ፀረ-በረዶና ለፖሊስተር መሥሪያ ይሆናል፤ የሕክምና መሣሪያም ይመከንበታል።

🔹 ከሰሊጥ ጋር ምን አገናኘው?
ሳልሞኔላን ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት ግን በምግብ ላይ ከልክሎታል። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም በህንድ ሰሊጥ ላይ አገኘችው፤ ሰሊጡ የገባበት ዳቦና ብስኩት ሳይቀር ከሱቅ ተሰበሰበ። ገደቡ በኪሎ 0.05 ሚሊግራም ነው። 400 ኩንታል በጫነ ተሳቢ ላይ 2 ግራም ብቻ ማለት ነው!

"ጋዝ አይደል፣ ይተናል" እንዳትሉ። ከፊሉ ወደ ክሎሮኤታኖል ተቀይሮ ፍሬው ላይ ይቀራል፤ ላብራቶሪ ሁለቱንም ደምሮ ነው የሚቆጥረው።

🔹 ለእኛስ?
የኢትዮጵያ ሰሊጥ አውሮፓ ሲገባ የሳልሞኔላ ተጨማሪ ምርመራ ከተጣለባቸው ምርቶች አንዱ ነው። ስለዚህ "በጋዝ ላጽዳልህ" የሚል ቢመጣ እንዳትሸወዱ። የነቀዝ ኪኒንም (ፎስፊን) ሌላ ነገር ነው፤ ነቀዝ እንጂ ሳልሞኔላ አይገድልም።

✅ ገበሬ፦ ሂላው በደንብ ይድረቅ፤ ስታራግፉ ሸራ ላይ ይሁን፣ ከብትና ዶሮ አይድረስበት።
✅ ነጋዴና ዩኒየን፦ ንጹህ ጆንያ፣ ደረቅ መጋዘን፤ ምንጩ የማይታወቅ ሰሊጥ አትቀላቅሉ።
✅ ላኪ፦ ማምከን ካስፈለገ በእንፋሎት። ከመጫኑ በፊት የሁለቱንም የላብራቶሪ ውጤት ያዙ።